እስከ አሜን የሚያዝ ደጋን

ደጋኑ የሚቀመጠው ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቶቻችን ኋላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ «እስቲ ያን ደጋን አምጪልኝ» ስትለኝ ካፖርቶቹን ገፋ አድርጌ አወጣሁት። እጄ ሳይደርስበት ሽታው ቀደመኝ፤ የሰም፣ የቆዳ፣ የቆየ እንጨት ሽታ። ጅማቱ ከአንድ ጫፉ ላልቶ ተንጠልጥሏል። መሀሉ ላይ ነጭ የጥጥ ብናኝ እንደተጣበቀ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ልጠርገው አልደፈርኩም።

ልጄ ከሶፋው ቀና ብላ አየችው። «ማሚ፣ ኢዝ ዛት አ ሪል ቦው? ኮተኑ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ።

«የአጎትሽ ነው» አልኳትና አለፍኩ። ስለ ጥጡ የጠየቀችኝን አልመለስኩላትም። ትንሽ ስታድግ እነግራታለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አሁን እኔ እበልጠዋለሁ። በዚያን ጊዜ ሦስታችን፣ እናቴ፣ እሱና እኔ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ አሮጌ አፓርትመንት እንኖር ነበር። እኔ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ከትምህርት በተረፈኝ ጊዜ ነርሲንግ ሆም አዛውንቶችን እንከባከባለሁ። እሱ መጀመሪያ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ገባ። ወሬው ጣፋጭ፣ ሳቁ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ሰው ነበር። ደስ ሲለው የሚናገረው ቃል አንድ ነው። ውኃ ብታቀብዪው «ይመችሽ!»፣ መንገድ ብትለቅለት «ይመችህ!»። ፓርኪንግ በሚሠራበት ጊዜ ለፈረንጆቹም በሩን የሚከፍትላቸው በአማርኛ «ይመችህ» እያለ ነበር። አንዳንዶቹ ለምደውት «ዪሜቺ» እያሉ ይወጡ እንደነበር ሲነግረን እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ቀስት የሚባል ነገር ቤታችን የገባው አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነው። የሚነዳው እሱ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ሰዎች ተሰልፈው ቀስት ሲወረውሩ አየና ምንም ሳይለን መኪናውን ዳር አስይዞ ፓርክ አደረገ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለን። እናቴና እኔ ነጠላችንን እንደለበስን በሣሩ መሀል ተከተልነው። ነፋሱ ነጠላችንን እያውለበለበ፣ ከሩቅ የአውሮፕላን ማረፊያው አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየመጡ፣ ቀስቶቹ ከገለባው ላይ «ዱብ፣ ዱብ» እያሉ ሲያርፉ ዛሬም ይሰማኛል።

እዚያ የሚያስተምሩት ነጭ ሪዛም፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርጉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ማስተማሪያቸው ዘመናዊው ባለ መዘውር ቀስት አይደለም፤ እንጨትና ጅማት ብቻ ያለው የጥንቱ ነው። ወንድሜ ልሞክር ብሎ ለመነ። ሽማግሌው ሀያ አምስት ፓውንድ የሚባለውን ሰጡት። አገላብጦ አየውና በአማርኛ «ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው» አለን። ከዚያ አጠገቡ ካለው መደርደሪያ ላይ የተሰቀለውን ሃምሳ ፓውንድ ጠቆመ። ጅማቱን እስከ አገጭ ስቦ ለመያዝ የሃምሳ ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው።

«ሃምሳ ፓውንድ እኮ ሁለት ከረጢት ጤፍ ነው» አለ ወደ እናቴ ዞሮ። «ሁለቱንም በአንድ ትከሻዬ አይደል እንዴ ደረጃ የማወጣልሽ?»

ሽማግሌው ምን እንዳለ ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው። ሳቁ። የመለሱትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «መሸከም ሌላ፣ ስቦ መያዝ ሌላ ነው። ደጋን የሚመረጠው በምትችለው ልክ አይደለም፤ በሚመችህ ልክ ነው። ለአደን ስትወጣ ንጋት ላይ፣ በብርድ፣ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጠህ እጅህ ይደነዝዛል። እንስሳው ሲመጣ ደግሞ ልብህ ይመታል። ያኔ ሳትንቀጠቀጥ ስበህ የምትይዘው ነው ያንተ ደጋን።»

«ሰማሽ?» አለኝ ወንድሜ። «ሰውዬው ይመችህ ነው የሚለኝ!»

እናቴ ቀስት መባሉ አልተዋጠላትም ነበር። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ጠጋ ብላ ጅማቱን በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። «ድምምም» አለ። «ቀስትማ የሚሄደው ነው» አለች። «ይሄ ደጋን ነው። እኔ በልጅነቴ ስንት ጥጥ ነድፌበታለሁ። ጅማቱን ጥጡ መሀል አግብተሽ ንዝር፣ ንዝር ስታደርጊው ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። ይሄ ትልቅ ሆነ እንጂ አንድ ነው።» ከዚያ ለወንድሜ «ጥጥ ልትነድፍልኝ ከሆነ ተማር» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስሙ ደጋን ሆኖ ቀረ።

ወንድሜ ሽማግሌውን «ጋሼ» ይላቸው ነበር። እሳቸው ጋሼ ማለት በእኛ አገር የቀስት አስተማሪ ማለት መስሏቸዋል። አንድ ቀን ቤታችን ሲመጡ እናቴን ጨብጠው «አይ አም ጋሼ» ሲሏት እናቴ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

ጸደዩን በሙሉ ሜዳው ላይ ነበርን። እኔም ቀለል ያለ ደጋን ተሰጥቶኝ አጠገቡ እቆም ነበር። ሰፈር ውስጥ የሱ ደጋን መሳቂያ ሆኗል። ሬስቶራንት ኳስ የሚያዩት ጓደኞቹ «ሀበሻና ቀስት ምን አገናኘው? ፖሊስ አይቶህ ጉድ እንዳይፈላ!» ይሉት ነበር። እሱ ግን ሐሳቡን ቆርጧል። መስከረም ላይ የቀስት አደን ሲከፈት ተራራ ወጥቶ ኤልክ ማደን ነው የሚፈልገው። ኤልክ ፈረስ የሚያህል፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ የተንሰራፋ አጋዘን ነው። ለምን እንደዚያ እንደፈለገው ጠይቄው ነበር። «እዚህ አገር የገባሁት በአውሮፕላን ነው፤ ከዚያ ፓርኪንግ፣ ከዚያ መጋዘን። ጣሪያ የሌለው ነገር ሠርቼ አላውቅም» አለኝ።

ችግር ያመጣችው እናቴ ናት። የኤልክ ሥጋ ይዞላት እንደሚመጣ ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ሳይባረክ የሞተ ሥጋ እቤቴ አይገባም። በክት ነው» አለች።

«እባርከዋለሁ እማ።»

«እንዴት አድርገህ? ሮጠህ ደርሰህበት?»

ወንድሜ ተነሥቶ ሳሎኑ መሀል ቆመ። ባዶ እጁን እንደ ደጋን ዘረጋና በሌላኛው ጅማት የሳበ መሰለ። «እንዲህ ስቤ እይዛለሁ። ‹በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን› እላለሁ። አሜን ስል እለቀዋለሁ። ቢላዋዬ እሱ ነው።»

እናቴ ብዙ አሰበች። «እንግዲህ አሜን ሳትል ብትለቅ ውርድ ከራሴ» አለች።

ከዚያ በኋላ ደጋን የምንመርጠው በዚህ ሆነ። ሌላው ሰው በፓውንድ ይለካል፤ እኛ በቡራኬ ለካን። ሃምሳውን ሲስብ የአንገቱ ሥር ይገታተርና «ወወልድ» ላይ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አርባ አምስቱ «ወመንፈስ ቅዱስ» ያደርሰዋል። ከዚያ አያልፍም። ሽማግሌው እንደ ፎካሪ አልቆጠሩትም። ጀማሪ ሁሉ ከአቅሙ በላይ ይጀምራል፣ ወደ ልኩ መውረድ ነው ብስለት ይሉት ነበር። እጀታው ያው ሆኖ ሁለቱን ክንፎች ብቻ እየፈቱ በቀለለ ይለውጡለታል። አርባ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ከሰዓት፣ ስቦ ያዘ። እኔ ከኋላው ቆሜ ከንፈሩን አያለሁ። በቀስታ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ አሜን ሄደ። ቀስቱ ከገለባው መሀል ገብቶ ላባው ብቻ ቀረ።

«ተመቸኝ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌውን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ከሣሩ ላይ እያነሡ «ጸሎትህን የምትጨርስበት ደጋን ያንተ ነው» አሉት። ሰው ደስታው የት ላይ እንደሚያበቃ አያውቅም።

በጋው ሲገባ አርባው ከበደው።

በመጀመሪያ «ድካም ነው» አለን። መጋዘኑ ኦቨርታይም ያበዛ ነበር፤ አመንነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ለእናቴ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ ሲያደርስ ከእጁ ወደቀ። «ለሌላ ሴት አስበኸው ነው» ብላ ቀለደችበት፤ ሳቅን። ቁልፍ ይወድቅበት ጀመር። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ እቆልፍለት ገባሁ፤ «እመቤት፣ ይመችሽ» ይለኝ ነበር እየሳቀ። ሜዳው ላይ አርባው «ቅዱስ» ላይ ያቆመዋል፤ ሳምንት አለፍ ሲል «ወወልድ» ላይ። ሽማግሌው ሠላሳ አምስቱን ገጠሙለት። እስከ አሜን ደረሰ፤ ደስ አለን። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

አንድ ማለዳ ሽማግሌው የቆዳ ጓንቱን ሊያስሩለት እጁን ያዙት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል። እዚያ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሌላኛውን እጁንም አገላብጠው አዩ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ወሰድ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ የደጋኑ ክብደት አይደለም። ሐኪም ይየው» አሉኝ። ዓይናቸውን አይቼ አዛውንቶችን ስንከባከብ የማውቀው ዓይነት ፍርሃት ገባኝ።

ብዙ ምርመራ ሆነ። በመጨረሻ ሐኪሟ ሦስታችንን አስቀምጣ ነገረችን። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ እየሞቱ ነው አለች። እጁን፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ አንገቱን፣ በመጨረሻም ትንፋሹን ይወስዳል። ማዘግየት እንጂ ማዳን የለም። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ መጀመሪያ የወጣችልኝ ቃል «ነርቭ ነው» የምትለዋ ብቻ ሆነች።

የእናቴ ፊት በራ። «ነርቭ? ነርቭ ነው? ተመስገን ፈጣሪዬ! እኔ ደግሞ ምን መሰለኝ!» አለች።

ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ነርቭ ማለት ወገብ የሚይዝ፣ እግር የሚያደነዝዝ፣ ታሽቶ የሚለቅ ነገር ነው። «ሰፈራችን ስንቱ ነርቭ ይዞት በወጌሻ ድኖ የለም እንዴ» እያለች የሐኪሟን እጅ ልትስም ተነሣች። የቀረውን ልተረጉም አፌን ስከፍት ወንድሜ በዓይኑ «ተያት» አለኝ። ተውኳት። መኪና ውስጥ እናቴ ከኋላ ሆና ስትዘምር፣ እሱ ከፊት በመስኮት እያየ አብሯት ያንጎራጉር ነበር።

ማታ ላይ «አደኑን አልተውም» አለኝ። በኮሎራዶ ሕግ ከሠላሳ አምስት ፓውንድ በታች በሆነ ደጋን ትልቅ እንስሳ ማደን አይፈቀድም። ወንድሜ ያለው ሠላሳ አምስት ላይ ነው፤ ከዚያ በታች መውረጃ የለም። መስከረም እስኪደርስ እጁ ይቆይለት እንደሆነ ሐኪሟም አታውቅም። ደጋኑን በየቀኑ መሳቡን አቆመ። ምሽት ላይ አንዴ ብቻ ይስባል፤ እኔ አዳምጣለሁ። «አንዲት ስበት ናት ያለችኝ» ይል ነበር፤ «አላባክናትም።» አንዳንድ ምሽት አሜን ይደርሳል፤ አንዳንድ ምሽት አይደርስም። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ «አምላኬ፣ ጤናውን ከከለከልከው ይችን አሜን እንኳን ስጠው» እያልኩ እለምን ነበር። ስለት ስንት ነገር ተስያለሁ።

የአደኑ ሰሞን ሲደርስ ሽማግሌው በፒክአፓቸው ወሰዱን። ስንወጣ እናቴ እጁን በጸበል አሸችና «አሜን ሳትል እንዳትለቅ» አለችው። እሷ የምታስበው ስለ ሥጋው ነው።

ከዴንቨር ርቀን ተራራ ላይ አደርን። ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። የአስፐን ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ፀሐይ ሳትወጣ ራሳቸው የሚያበሩ ይመስሉ ነበር። አንድ የወደቀ ግንድ ሥር ተቀመጥን፤ ወንድሜ ከፊት፣ እኔ ከትከሻው ኋላ፣ ሽማግሌው ትንሽ ራቅ ብለው። እጁ እንዳይደነዝዝበት በእኔ ብብት ሥር ይዤለት ነበር። ከሸለቆው ኤልክ ሲጮኽ ሰማን። ግዙፍነቱን ሳስብ የበሬ ዓይነት ድምፅ ነበር የጠበቅኩት፤ የወጣው ግን ቀጭን ፉጨት ነው፤ የሆነ ልጅ ከሩቅ የሚጣራ ይመስላል።

መጣ። ከቅጠሎቹ መሀል ቀንዱ ቀደመ፤ ከዚያ አንገቱ፣ ከአፍንጫው የሚወጣው እንፋሎት። የእርጥብ ጠጉርና የሽንት ሽታው ደረሰን። ቅርብ ነበር፤ ዐይኑ ውስጥ ያለውን ብርሃን አየዋለሁ። ወንድሜ እጁን ከእኔ አወጣ። ተነሣ። ሳበ።

«በስመ አብ…» አለ በሹክሹክታ። ጅማቱ ከንፈሩ ጥግ ደረሰ። «ወወልድ…» የቀስቱ ጫፍ አልተነቃነቀም። «ወመንፈስ…»

ያኔ ጫፉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ ክንዱ በሙሉ። እኔ የቀረውን በልቤ እየሮጥኩ ጨረስኩለት፤ አሐዱ አምላክ አሜን፣ አሐዱ አምላክ አሜን። እንስሳው አልሄደም። ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። አንዴ ጣቱን ቢከፍት ይበቃ ነበር። እኔ ብሆን እለቀው ነበር፤ በክትም ይሁን ምንም ይሁን፣ እለቀው ነበር።

እሱ አልለቀቀም። ጅማቱን መልሶ ማላላትም ጉልበት ይጠይቃል፤ ያም አልነበረውም። ፊቱን ሳያዞር «እርጂኝ» አለኝ። እጄን ከእጁ ላይ ደረብኩና ጅማቱን አብረን በቀስታ መለስነው። ኤልኩ ቀና ብሎ አየን።

«ሂድ» አለው ወንድሜ። ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ወጣ። «ይመችህ።»

ዞሮ ሄደ። ቀንዱ ከቅርንጫፍ ጋር ሲጋጭ ለጥቂት ጊዜ ተሰማን፤ ከዚያ ጠፋ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሱ ጀርባዬን በዚያ በደከመ እጁ መታ መታ እያደረገ «ምነው፣ ምነው፣ አየሁት እኮ» ይለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ ድስቷን አጥባ ጠብቃናለች።

«አገኘህ?» አለችው።

«አገኘሁት።»

«ታዲያስ?»

«አሜን አልደረሰልኝም እማ።»

እናቴ ድስቱን እንደያዘች እጁን አየች። ከዚያ ፊቱን። ከዚያ እኔን። ድስቱን በቀስታ አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይሄ ነርቭ ያ የምታውቀው ነርቭ እንዳልሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ በዚያ ሁሉ ቃል ያልነገረቻትን እሱ በአንዲት አሜን ነገራት።

በረዶ ሲጥል አንገቱ ራሱን መሸከም አቃተው። ትራስ ገዝተን ገዝተን ቤቱ ሞላ። ሆስፒታል የሰጠንም፣ እኔ ያመጣሁትም ሁሉ ስፖንጅ ነው። አንዱም አልሆነለትም። ምላሱ ከብዶት እየተንተባተበ «ይጎረብጠኛል» ይል ነበር፤ የማያማርረው ሰው። እናቴ አንድ ጠዋት ተነሥታ ከሻንጣዋ ሥር ለፈትል ያስቀመጠችውን፣ ከአገር ቤት የመጣ ጥጥ አወጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ደጋኑን አምጪልኝ» አለችኝ።

ጅማቱን የሚወጥርልን አልነበረም። ሽማግሌው ጋር ደወልኩ፤ በዚያ በረዶ መጡ። ለምን እንደተፈለጉ ሳስረዳቸው ደጋኑን አዩ፣ ጥጡን አዩ፣ እናቴን አዩ። ሠላሳ አምስቱን ወጥረው ሰጧት። እናቴ አንዴ ነካ አድርጋ ስትሞክረው ጣቷን እንዳሳመማት ገባቸው። መልሰው ፈቱት። ከመኪናቸው ሌላ ክንፍ አምጥተው ገጠሙላት፤ ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን «የሕፃን መጫወቻ» ያለውን ሀያ አምስቱን። ከዚያ በእኔ በኩል «ይመችዎታል?» ብለው ጠየቋት።

እናቴ ከአልጋው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጥጡን ትነድፍ ጀመር። ጅማቱን ከጥጡ መሀል አስገብታ ሳብ፣ ለቀቅ። ድምም፣ ድምም። የተቋጠረው ጥጥ እየተፍታታ ወደ ላይ ይነሣል፤ ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። ከውጭ በረዶው፣ ከውስጥ ባዘቶው። ወንድሜ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም።

«ይኸው… ነደፍሽበት» አላት።

«ያን ቀንስ ምን አልኩህ?» አለችው፤ ቀና አላለችም። እንባዋ ጥጡ ላይ እንዳይወድቅ በክንዷ ትጠርገው ነበር።

ባዘቶውን በነጭ ሻሽ ከረጢት ሰፍታ ትራስ አደረገችው። እኔና ሽማግሌው ትከሻውን ደግፈን አነሣነው፤ እሷ ከአንገቱ ሥር አስገባች። ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ዘንበል ብሎ በቀስታ ሰመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው መኮማተር ሲፈታ ሁላችንም አየን።

«ተመቸህ?» አለችው።

ከንፈሩን ለማገናኘት ጊዜ ወሰደበት። «ይመችሽ» አላት።

ከአፉ ጥርት ብሎ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ሄደ። ለቅሶ ላይ «ያ የቀስት ጣጣ ነው ጅማቱን በጥሶ የጨረሰው» ሲሉ የሰማኋቸው ነበሩ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያ ደጋን ባይኖር ወንድሜ ጣሪያ የሌለው ነገር ሳያይ ነበር የሚሄደው። ሽማግሌውም ከዓመታት በኋላ ተከተሉት። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው «አባቴን ጋሼ የምትሏቸው እናንተ ናችሁ?» ብላ አቀፈችን።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ያንን ትራስ ከሌላ ሰው ጋር አትጋራም፤ ከሱ በቀር በሌላም አትተኛም። ጥጡ በዘመን ብዛት ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። ሐኪም ለአንገቷ ሕመም ትራስ እንድትለውጥ ከነገራት ቆይቷል። እምቢ ስትል ከርማ ባለፈው ቅዳሜ «እንግዲህ ልንደፈው» አለች፤ ለዚህ ነው ደጋኑን ያስወጣችኝ።

ሽማግሌው እንዳስተማሩኝ እግሬን አሻግሬ ደጋኑን አጎበጥኩና ጅማቱን አጠለቅኩ። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታያለች። እናቴ የትራሱን ስፌት በመቀስ ተረተረች፤ እጇን ወደ ውስጥ አስገባች። ከዚያ እጇን ገታች። እጇ ጥጡ መሀል ጎድጎድ ያለ ቦታ አግኝቷል፤ አንድ ጭንቅላት የሚያህል፣ እንደ ወንድሜ ራስ በአንድ በኩል ዘንበል ያለ። እዚያ ውስጥ መዳፏን አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ልጄ «አያቴ፣ ኣር ዩ ኦኬ?» አለቻት።

እናቴ እጇን ጥጡ እንዳይፈርስ ተጠንቅቃ አወጣች። «መርፌና ክር አቀብይኝ» አለችኝ። የተረተረችውን መልሳ ትሰፋው ጀመር።

«እማ፣ እንደዚህ ሆኖ አይጎረብጥሽም?» አልኳት።

«ይጎረብጠኛል» አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ትራሱን ደረቷ ላይ አስደግፋ በመዳፏ ዳበሰችው። «ይጎርብጠኝ።»